ሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣና አንድ ብርጭቆ ቅቤ

የሄድኩ ዕለት ምሽት ባለቤቴ የሺ የእጅ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዚፑ እንዲዘጋ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ግን አልነሳም አለች። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ታክሲው በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፣ እሷ ሻንጣው ላይ ነች።

«ተነሽ እንጂ፣ አውሮፕላኑ ይሄዳል» አልኳት።

«መጀመሪያ ቃልህን ድገመው።»

«በእግሬ ቆሜ እገባለሁ። እንደገባሁ እደውላለሁ። አልዋሽሽም።»

«ካበጥክስ?»

«ካበጥኩም አብጫለሁ እልሻለሁ። በቃ ተነሽ!»

ተነሳች። ሻንጣውን እኔ ሳላነሳው እሷው አንስታ እስከ ታክሲው አደረሰችው። እኔን ግን አልሳመችኝም፤ «ስትደውል እስምሃለሁ» አለችኝ። በስልክ እንዴት እንደሚሳም አልገባኝም፣ ግን ለክርክር ጊዜ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ከኋላዬ ለምትመጡት ነው፤ በተለይ እንደኔ በእርጅናችሁ ልጅ ጠርቷችሁ አውሮፕላን ለምትሳፈሩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር ጎሚስታ ቤት ጎማ ስለጥፍ ውዬ ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ስህተት ስታገኙ እለፉት። ነገሩን ያዙልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ሰናይት አውስትራሊያ አገር፣ ሜልቦርን የሚባል ከተማ ትኖራለች። ለእኔም ለእናቷም ቪዛ አስወጣችልን። የሺ ግን አልሄድም አለች። አገሩን ጠልታ አይደለም፤ አውሮፕላኑን ፈርታ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የእድራችን አባል እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት፤ ውጭ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ እግራቸው አብጦ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የወረዱት። ለቅሶ ቤት በተሰበሰብን ቁጥር ይህንኑ ያወሩታል። «እግሬ እንደ ዱባ ሆነ! የአውሮፕላን አየር እኮ ሰው ያደርቃል፤ ቋንጣ ነው የሚያደርገው!» ይላሉ። ከታች ዱባ፣ ከላይ ቋንጣ። የሺ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች።

የእሷም ቪዛ ጊዜ አለው፤ ካለፈ አለፈ። ስንጨቃጨቅ ከርመን በመጨረሻ የተስማማነው፣ እኔ ቀድሜ ልሄድ ነው። ደህና ከደረስኩ ትከተላለች፤ አብጬ ወይ ደርቄ ከደረስኩ ግን እዚያው ካዛንቺስ ትቀራለች፣ እኔም እዚያ ማዶ እቀራለሁ፣ ትዳራችን በስልክ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ እንደ ኖኅ እርግብ ነው የተላክሁት። እርግቧ ግን ሻንጣ አልነበራትም።

ሰናይት በስልክ ደጋግማ መከረችኝ።

«አባባ፣ በእጅ ሻንጣህ የሚያስፈልግህን ብቻ ያዝ፤ መድኃኒትህን፣ መነጽርህን፣ ወፍራም ካልሲ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ጋቢህን። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሰባት ኪሎ ብቻ ነው። ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ያዝ።»

«ባዶ ጠርሙስ? ጋዝ ልቀዳ ነው የምሄደው?»

«ፍተሻውን ካለፍክ በኋላ ውሃ ትሞላበታለህ አባባ። ብዙ ውሃ ጠጣ። ጫማህን አውልቅና እግርህን አንቀሳቅስ። ዝም ብለህ አትቀመጥ፣ ተነስተህ ተራመድ።»

«አየር ላይ ወዴት ነው የምራመደው?»

ከእኛ ግድግዳ ጋር የተያያዘው ቤት የሀጂ ሰይድ ነው። መካ ደርሰው የመጡ ስለሆነ በሰፈራችን አውሮፕላን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ሰናይት ያለችውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተሰማ፣ ሁሉን ስማት፣ ጫማውን ግን እንዳትሰማት። አውሮፕላን ውስጥ ጫማውን ያወለቀ አለቀለት። እግር ያብጣል፣ ጫማው እንቢ ይላል፣ በካልሲ ነው የምትወርደው። እኔ አይቻለሁ።»

እንግዲህ ማንን ልስማ? ልጄ ነርስ ናት፤ ሀጂ ደግሞ በዓይናቸው አይተዋል። ይህን በልቤ ያዝኩት።

ሻንጣው ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ጋቢው ገባ፣ ካልሲው ገባ፣ ቦታ ተረፈ። ቦታ መትረፉን ሰፈሩ እንዴት እንደሰማ አላውቅም። በማግስቱ አንዷ ሽሮ ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ድርቆሽ፣ ሌላው ደግሞ ለእህቱ የታሸገ በርበሬ። እምቢ አይባልም፤ አደራ ነው። ማሳረጊያው የመጣው በእማማ አስካለ ነው። እሳቸው ጓሮ ለጓሮ የምንገናኛቸው አሮጊት ናቸው፤ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

«ይህን ለልጄ ለሰለሞን ታደርስልኛለህ።»

«ሰለሞን ካናዳ አይደለም እንዴ እማማ?»

«ነው።»

«እኔ የምሄደው አውስትራሊያ ነው።»

«ያው ውጭ አይደል? እዚያ ከደረሰ ይቀበልሃል።»

የሺ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ተቀበል ማለቷ ነው። ተቀበልኩ። ቋጠሮው ሲነካ ኮረኮንች ይመስላል። ዳቦ ቆሎ ነው አሉ።

ሻንጣውን ለማስመዘን ወደ ልኳንዳ ቤቱ ወሰድኩት። ባለ ልኳንዳው መንጠቆው ላይ ሰቀለልኝ፤ ሻንጣው ከአንድ ሽንጥና ከአንድ ታላቅ ዳቢት መሃል ተንጠለጠለ። ሥጋ ሊቆርጡ የመጡት ሁሉ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሚዛኑን ያዩ ጀመር።

«አሥራ አራት ኪሎ!» አለ ባለ ልኳንዳው። «ጋሽ ተሰማ፣ ይሄ እኮ የፋሲካ በግ ነው።»

«ሰባት ነው የተፈቀደልኝ።»

«እንግዲያው ግማሹን ልቁረጥልዎ። አጥንቱን ይፈልጉታል?»

ሁሉም ሳቀብኝ። እኔ ግን መላ መጣልኝ። የለበሱት ልብስ አይመዘንም! ይህን ሀጂም ሰናይትም አልነገሩኝም፣ የራሴ ነው። ወደ ቤት ሄጄ አሮጌ ካፖርቴን አወጣሁ፤ የሺ በውስጡ በኩል ኪስ በኪስ አድርጋ ሰፋችው። ሽሮው በቀኝ፣ በርበሬው በግራ፣ ዳቦ ቆሎው ከኋላ በወገቤ በኩል፤ ድርቆሹ ደግሞ ከሁለቱ ሱሪዎቼ መሃል። ሻንጣው ሰባት ኪሎ ሆነ። እኔ ስንት ኪሎ እንደሆንኩ አልተመዘንኩም።

መድኃኒቴን፣ የግፊቱን ማለቴ ነው፣ እኔ በአውሮፕላኑ ሆድ ከሚጫነው፣ አስቀድሞ ከሞላው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አድርጌው ነበር። የሺ ሳላያት አውጥታ በመሐረብ ቋጥራ በሸሚዜ ደረት ኪስ ከተተችና ኪሱን በመርፌ ቁልፍ ቆለፈችው። «አንተን እንጂ ሻንጣህን አላምነውም» አለች። ትልቁ ሻንጣ ምን እንዳደረገኝ ወደፊት እነግራችኋለሁና ይህን ብቻ ያዙ፤ መድኃኒት ሁልጊዜ ደረት ላይ ነው።

ከዚያ ቅቤውን አመጣችው። ለጋ ቅቤ ነው፣ አንድ ብርጭቆ በምታህል ብልቃጥ፣ በአደስ የተለወሰ።

«አየሩ እንዳያደርቅህ መሀል አናትህን ትቀባለህ፣ ከንፈርህንም። ሳልቀባ ደረስኩ እንዳትለኝ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ነገር ደግሞ ለእኔ እሺ ነው።

አየር ማረፊያው ስደርስ ሚዛኑን በሰላም አለፍኩ። ልጁ ሻንጣዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ካፖርቴን አየ። «ደህና ነዎት አባት? ወፍራም ነው የለበሱት» አለኝ። «ብርድ አይስማማኝም» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ አይስማማኝም።

ፍተሻው ላይ ግን ካፖርት አውልቅ አሉኝ። አውልቄ ሰጠሁ። ፈታሹ ልጅ በአንድ እጁ ሊቀበለኝ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። የሽሮና የበርበሬውን ኪሶች አንድ በአንድ ሲከፍቱ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ተሰብስቦ እንደ ገበያ ያያል። ያ ሁሉ አለፈ። ሻንጣዬን የፈተሸችው ልጅ ግን ብልቃጧን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገቻት።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቅቤ።»

«በእጅ ይዘው አይገቡም። ፈሳሽ ነው።»

«የት ፈሰሰ?» ብልቃጧን ከእጇ ወስጄ ከፍቼ ገለበጥኳት። «ይኸው። አንዲት ጠብታ ወረደች?»

«ቅባትም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው አባባ። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፤ መመሪያ ነው። እዚህ ይጣሉት።» ጎኗ ያለውን የቆሻሻ በርሜል አሳየችኝ።

የሺ የለወሰችው ቅቤ በርሜል ውስጥ! ትንሽ አሰብኩና ጠየቅኳት።

«ራሴ ላይ ቢሆንስ?»

«እ?»

«በብልቃጥ አይገባም አልሽ። ራሴ ላይ ሆኖ ይገባል ወይስ አይገባም?»

ጓደኛዋን አየችው። ጓደኛዋ ጣሪያውን አየ።

«በራስ ላይ ስላለ ቅቤ... መመሪያ የለንም» አለች።

እንግዲያው ብዬ ኮፍያዬን አውልቄ ጣቴን ከተትኩ። እስከ ጥጉ ነው የጠረግሁት። አናቴን፣ ጆሮዬን፣ ማጅራቴን፣ ከንፈሬን። የተረፈው አሁንም ብዙ ነበር፤ ደግሜ አናቴ ላይ ቆለልኩት። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው «ወይ አባቴ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ አጨበጨበ። ባዶዋን ብልቃጥ ለልጅቷ ሰጠኋት፣ የሱፍ ኮፍያዬን ላዩ ላይ ደፋሁና ገባሁ።

የመጀመሪያው በረራ ወደ ዱባይ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ በሚሄዱ ሴቶች ልጆች ተሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠችው የደሴ ልጅ ነበረች፤ ቀበቶው እንዴት እንደሚቆለፍ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፤ የእኔን በእሷ፣ የእሷን በእኔ ቆልፈን ሆስተሷ መጥታ ፈታችን። ሲነሳ ማስቲካ ሰጠኋት፣ እኔም አኘክሁ፤ ለጆሮ ይበጃል ያለችኝ ሰናይት ናት። ሰናይት እውነቷን ነው፣ ከእኛ ወዲያ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እኛ እንደ ፍየል እያመነዠክን ወጣን።

ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ ሞቀ። ሁለት ሱሪ፣ ሹራብ፣ ካፖርት፣ የሱፍ ኮፍያ። ልጅቷ አየችኝ፤ ጠጋ ብላ እንደ ምስጢር ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ እየቀለጡ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ቅቤው በአንገቴ ወርዶ አንገትጌዬ ገብቷል። ሳቋን አፍና በነጠላዋ ጫፍ ማጅራቴን ጠረገችልኝ። ከዚያ «ትንሽ ይስጡኝ፣ ከንፈሬ ደርቋል» አለችና ከጆሮዬ በስተጀርባ በጣቷ ወስዳ ተቀባች። ከኋላችን ያለችው ሴት ደግሞ «ለእኔስ?» አለች። ዱባይ እስክንደርስ ያ ረድፍ በሙሉ ከእኔ ራስ ተቀባ። እዚያ ስንለያይ ልጅቷ እጄን ስማ ሄደች። አሁንም ድረስ የት ቤት እንደገባች አስባለሁ።

ሁለተኛው በረራ አያልቅም። አጠገቤ የተቀመጠው ፈረንጅ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በአንገቱ ዙሪያ ቀንበር የመሰለ ትራስ አጥልቋል። እንደተቀመጠ አየሩን አሸተተ። ዞሮ አሸተተ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አሸተተ። ቁልፍ ተጭኖ ሆስተሷን ጠራትና በጆሮዋ አንሾካሾከ። እሷ ሄዳ ሙቅ እርጥብ ፎጣ አምጥታ በፈገግታ ሰጠችኝ። አመስግኜ እጄን ታጠብኩበትና መለስኩላት። ሰውዬው አፍንጫውን በትራሱ ሸፍኖ ተኛ።

አሁን የጫማው ጉዳይ መጣ። ሰናይት አውልቅ፣ ሀጂ ሰይድ አታውልቅ። በሰው ነገር የማልሄድ ሰው ነኝ፤ ራሴ ልየው ብዬ የግራውን አወለቅሁ፣ የቀኙን ተውኩት። ያሸነፈውን ለየሺ እነግራታለሁ። ከዚያ በጠርሙሴ ውሃ እየጠጣሁ፣ ውሃው ወደ ሽንት ቤት እየወሰደኝ፣ በመተላለፊያው ወዲህ ወዲያ ስል አደርኩ። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ስለምሄድ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እላለሁ። አንድ ሕፃን ከእናቱ ጭን ወርዶ እየተከተለ እንደኔ ማንከስ ጀመረ፤ እናቱ ልትቆጣው ብላ እሷም ሳቀች። ስደክም ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ እተኛለሁ። እነሱ የሚሰጡት ብርድ ልብስ እኮ ለእግር ከሆነ ለትከሻ አይሆንም፤ ጋቢ ያዙ።

ሊያርፍ ሲል የግራውን ጫማ ላደርግ አነሳሁት። እንቢ አለ። ገፋሁ፣ አቃሰትኩ፣ ያ ፈረንጅ ሳይቀር በማንኪያ ሊረዳኝ ሞከረ፤ እንቢ። ሀጂ አሸነፉ አልኩ። ወዲያው ግን የቀኙን አየሁት፤ ጫማው ውስጥ ሆኖ እሱም አብጦ ክሩን ወጥሮታል፣ ላወልቀውም አልቻልኩ። አንዱ አልገባም፣ አንዱ አልወጣም። ሁለቱም እኩል ናቸው ለካ! ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለየሺ ምን ልላት ነው?

ትልቁ ሻንጣዬም አልመጣም። ዱባይ ቀርቷል፣ ሌላ ቀን ይመጣል አሉ። ደረቴን ዳሰስኩ፤ መርፌ ቁልፉ አለ፣ መድኃኒቱ አለ። የሺን መረቅኋት።

እንግዲህ አስቡኝ። የግራ ጫማዬን በእጄ ይዣለሁ፣ ካፖርቴ ሽሮ ነው፣ ራሴ ቅቤ ነው። እንዲህ ሆኜ ነው የምግብና የእጽዋት ተቆጣጣሪዋ ፊት የቀረብኩት። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ስልክ ደውላ ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከስልኩ ውስጥ አማርኛ ወጣ!

«ጤና ይስጥልኝ አባት፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሁለታችሁ ያላችሁትን እንዳለ ነው የማስተላልፈው።»

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«ስለ እኔ መናገር አይፈቀድልኝም አባቴ። ምግብ ይዘዋል ወይ ይላሉ።»

ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ድርቆሹን፣ ዳቦ ቆሎውን አወጣሁ። በጓንት እየገለበጠች አየች። ለአየሩ ብዬ በኪሴ የያዝኳትን የጤና አዳም ዝንጣፊ ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ እንደ እባብ በፌስታል አሰረቻት፤ ወረሱብኝ።

«የወተት ተዋጽኦ ይዘዋል ወይ ይላሉ። ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ።»

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ግን የውጭ ሰው ልዋሽ ብዬ አገር አልለቀቅሁም።

«ቅቤ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«ራሴ ላይ።»

«አባቴ... እንደዚያ ብዬ ልተርጉመው?»

«እንደዚያው በዪ።»

አለች። ተቆጣጣሪዋ ኮፍያዬን አየች። አወለቅሁላት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

«ምን ያህል ነው ይላሉ።»

«ስነሳ አንድ ብርጭቆ ነበር። አሁን ግማሹ አንገቴ ውስጥ ነው፣ ትንሽም ሰው ወስዷል።»

«ሰው... ወስዷል?»

«ከንፈራቸው ደርቆ ነው።»

«ለመብላት ነው ወይ ይላሉ።»

«ማን ራሱን ይበላል ልጄ?»

ከስልኩ ውስጥ የታፈነ ነገር ሰማሁ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አላውቅም። ተቆጣጣሪዋ አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ መጥቶ አየኝ፣ ሌላ አለቃ ጠራ፣ እሱም መጥቶ አየኝ። ተመካከሩ። በመጨረሻ ወደ መታጠቢያ ወስደው በሳሙና እንድታጠብ አደረጉኝ፤ ሁለተኛው አለቃ ራሱ ውሃ ቀዳልኝ። ስወጣ አስተርጓሚዋ አሁንም ስልኩ ላይ አለች።

«ይግቡ ብለዋል። እንኳን ደህና መጡ ይላሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን እኔ ነኝ የምለው፤ እናቴን አስታወሱኝ» አለችና ተዘጋ።

ሰናይት ውጭ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ጫማውን በእጄ ስታይ «አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ሳቀች። እዚያው ቆመን ለየሺ ደወልን።

«ደረስኩ» አልኳት።

«ቆመህ ነው?»

«ቆሜ ነው።»

«በሁለት እግርህ?»

«በሁለት እግሬ። አንዱ ጫማ የለውም እንጂ።»

«አብጧል?»

ቃል አለብኝ። «አብጧል። ሁለቱም።»

«እስኪጎድል እጠብቃለሁ። ካልጎደለ አልመጣም» አለችና ዘጋችው። ሳትስመኝ።

እብጠቱ በማግስቱ ጎደለ፤ ሰናይት ትራስ ላይ አስደግፋ አስተኝታኝ። ግን የሺ «ገና ነው፣ ቆይ እንየው» ትላለች። እኔ ደግሞ ሰፈሩን መልመድ ጀመርኩ። ብርዱን አዲስ አበባ ትቼው መጣሁ ስል ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ፤ እዚህ ሐምሌ ክረምት ነው፣ ያውም ነጎድጓድ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚያኮርፍ ክረምት። ዳቦው ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ አየር ነው። ሽንኩርት ስናቁላላ ጣሪያው ላይ ያለች ጭስ የምታነፈንፍ ክብ ነገር ትጮሃለች፤ ሰናይት በፎጣ ታራግብላታለች፣ ትጮሃለች። ወጥ ተሠራ ብሎ የሚያለቅስ ቤት አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን የቤት አከራዩ ወኪል ቤቱን ልታይ መጣች። እዚህ ተከራይተህ እንኳ እየመጡ ያዩሃል፤ ምድጃውን ከፍታ ፎቶ አነሳች፣ ሽንት ቤቱን አነሳች፣ ልታነሳኝም ቃጥቷት ነበር።

«እሳቸው ማን ናቸው?» አለች ለሰናይት።

«አባቴ ናቸው፣ ሊጠይቁኝ መጥተው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ሰናይት ስትተረጉምልኝ «እስክሞት በያት» አልኳት። ሰናይት ለሴትዮዋ ሌላ ነገር አለቻት።

«ምን አልሻት?»

«ጥቂት ሳምንት ነው አልኳት።»

«በጥቂት ሳምንት ገደልሽኝ እኮ!»

ወኪሏ ለምን እንደሳቅን ሳይገባት እሷም ሳቀችና ሄደች።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ካዛንቺስ ገና ጠዋት ሲሆን፣ የሺ ራሷ አስደወለች፤ ሀጂ ሰይድ ስልካቸውን ሰጥተዋት። ስለ አውሮፕላኑ ያልጠየቀችኝ የለም። ውሃው፣ ወንበሩ፣ ጆሮ፣ ሽንት ቤቱ። ሁሉንም እንዳለ ነገርኳት። እግሬ ጎድሏል፣ ጫማዬ ይገባል፣ ከንፈሬ አልተሰነጠቀም፣ መድኃኒቴን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። አንቺ ስትመጪ ጫማሽን ከመጀመሪያው ሰፋ አርገሽ ግዢ፣ በየጊዜው ተነሺ፣ በቃ ይኸው ነው አልኳት።

«እሺ፣ አውሮፕላኑ ገብቶኛል። አልፈራውም» አለች።

ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች።

«ከደረስኩ በኋላስ? አንተ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እንዴት አደርክ የሚልህ ማነው?»

«ሰናይት አለች።»

«እሷማ ሥራ ናት። ሌላ ማን አለ?»

ሰፈሩን በሐሳቤ ቤት በቤት ዞርኩት። ማንም አልመጣልኝም። ለሻንጣው ሁሉም ሰው መክሮኝ ነበር፤ ለዚህ ማንም አልመከረኝ።

«ቆዪ፣ እንዳትዘጊ» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። እዚህ የሚወጣውና የሚገባው መኪና ነው፤ ሰው በመኪናው ውስጥ ይታያል እንጂ ብቻውን አይታይም። ፈጠን ፈጠን እያልኩ ሄድኩ። ከእኛ በታች ባለው አጥር ውስጥ አንድ ሽማግሌ አየሁ፤ የቬትናም ሰው ናቸው ትላለች ሰናይት። በነጠላ ጫማ ጎንበስ ብለው ጎመናቸው ላይ ላስቲክ ያለብሳሉ። ሁልጊዜ አልፋቸዋለሁ።

«እንዴት ዋሉ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ የሺ እንድትሰማ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። አዩኝ። እጃቸውን ከጭቃው አራገፉና መለሱልኝ፣ እንግሊዝኛ አይደለም፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ረጅም ነገር።

«ማነው እሱ?» አለች የሺ።

«ጎረቤት ነው።»

«ምን አለህ?»

«አላውቅም።»

«ግን ብዙ ነው የመለሰልህ።»

«ብዙ ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«አልጠየቅኩትም።»

«እስከዛሬ ተቀምጠህ የጎረቤትህን ስም ሳትጠይቅ? ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ጠይቀውና ደውልልኝ» አለች። እመጣለሁ አላለችም። አልመጣም አላለችም። ከኋላዋ የሀጂ ሰይድ ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰላም በይው እያሉ። ስልኩ ተዘጋ።

እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ። ጣቴን ደረቴ ላይ አድርጌ «ተሰማ» አልኳቸው። ገባቸው፤ እሳቸውም በጭቃ ጣታቸው ደረታቸውን ነክተው ስማቸውን ነገሩኝ። አፌ አልያዘልኝም። እንዲደግሙልኝ ለመንኩ፣ ደገሙልኝ፤ እኔ ስደግመው ራሳቸውን ነቅንቀው ሳቁና እንደገና ነገሩኝ። መሸ፣ ገና አልያዝኩትም።